ሩቅ የማያይ ዐይን፤ ከመነጽር እስከ ሌዘር



ባለፈው ክረምት አንድ አባላችን ሴት ልጁን አስከትሎ ቤታችን ድረስ መጣ። ልጅቱ 24 ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ መነጽር ታደርጋለች፤ ቁጥሩም ከአምስት በላይ ነው። አሁን ሥራ ይዛለችና የእቁብ ዕጣዋ ሲደርሳት ዐይኗን በሌዘር ታክማ መነጽሯን ለመጣል ቆርጣለች። እናትየዋ ግን «ዐይን በእሳት አይነካም» ብላ ታለቅሳለች። በዚህ የተነሣ ቤቱ ታምሷል። አባትየውም «እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ መነጽር ያደረጉ ሰው ነዎት፤ ደግሞም የቀድሞውን ገንዘብ ያዣችንን ነገር ያውቃሉ። እስቲ አንድ ነገር ይበሉን» አለን።

እኛ ያን ዕለት ቡና አጠጥተን ሸኘናቸው እንጂ መልስ አልሰጠንም። የማናውቀውን አውቃለሁ ብለን የሰው ልጅ ዐይን ላይ አንፈርድም። ከዚያ በኋላ ግን የዐይን ሐኪሞችን ጠየቅን። ነርስ የሆነችው ልጃችንም ማታ ማታ ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት እያነበበች በአማርኛ አስረዳችን። ያገኘነውን ነገር ከነታሪኩ ለሁሉም አባል ብናካፍለው ይጠቅማል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ በእኛ ላይ የቆየ ዕዳ ስለሆነ፥ አባሎች እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን በትሕትና እንለምናለን።

መጀመሪያ ስለ ራሳችን ጥቂት እንበል። እኛ ከስድስተኛ ክፍል ያለፍን ሰዎች አይደለንም። ሰነፍ ሆነን ግን አልነበረም። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ለእኛ እንደ ጉም ነበር። ከጎናችን ከተቀመጠው ልጅ ደብተር ስንገለብጥ «ኮራጅ» እየተባልን ተገረፍን። ዐይናችን ነው ብሎ የጠረጠረ አንድም ሰው የለም፤ እኛም ራሳችን ሰው ሁሉ እንደዚህ የሚያይ ይመስለን ነበር።

በ1970 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርን። ሥራው ቅርብ የሚታይ ጽሑፍ ስለሆነ ተስማማን። ችግሩ ከቢሮ ስንወጣ ነው። የአባታችን ጓደኞች በመንገድ ሲያልፉ ሰላም ስለማንላቸው «ደመወዝ በላና ኮራ» ተባልን። አንድ ጊዜ በለቅሶ ቤት ሐዘንተኛውን ትተን ሊያጽናና የመጣውን ጎረቤት አቅፈን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለን አልቅሰናል። ሰውየው ምን ያድርግ፥ «አሜን» አለን።

በ1973 ዓ.ም. የክፍሉ ሹም አፍንጫችንን ከወረቀት ጋር አጣብቀን ሲያዩን «ፋይሉን ልታነበው ነው ወይስ ልታሸተው?» አሉና ወደ ሐኪም ላኩን። መነጽሩን አድርገን የወጣን ዕለት ያየነውን እስካሁን አንረሳም። መንገድ ማዶ ቆማ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ፊቷ ላይ ንቅሳት እንዳላት አየን። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእርሷ ስንገዛ ኖረን ከሩቅ መልኳን አናውቅም ነበር። ሰፈር ስንገባ ደግሞ ሌላ ወሬ ጠበቀን፤ «ስድስተኛ ክፍል ተምሮ ምሁር ለመምሰል መነጽር አደረገ» ተባለ።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሐኪሞች ማዮፒያ የሚሉት ይህ ዐይን ቅርቡን አጥርቶ ያያል፤ ሩቁ ይደበዝዝበታል። በብዙዎቹ ዘንድ ምክንያቱ የዐይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ትንሽ መርዘሙ ነው። ብርሃን ከኋላ ባለው ሬቲና በሚባለው መጋረጃ ላይ መሰብሰብ ሲገባው ከፊቱ ይሰበሰብና ሥዕሉ ይበተናል። እንግዲህ እስከ ዛሬ የተገኙት ዘዴዎች ሁሉ የሚሠሩት ብርሃኑን መልሶ በመጋረጃው ላይ ማሳረፍ ነው። የረዘመውን ኳስ የሚያሳጥር ግን ከመካከላቸው አንድም የለም። ይህን አባሎች በልባቸው ይያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መነጽር የተጀመረው በጣሊያን አገር እ.ኤ.አ. በ1280ዎቹ ገደማ ነው። ጆርዳኖ የተባለ የፒሳ ሰባኪ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1306 በፍሎረንስ ከተማ ሲሰብክ ይህ ጥበብ ከተገኘ ገና 20 ዓመት እንዳልሞላው ተናግሯል። ነገር ግን ያ መነጽር መካከሉ ወፍራም፥ ለሽማግሌ ማንበቢያ የሚሆን ነበር እንጂ እንደኛ ላለው አይጠቅምም። ለእኛ የሚሆነው፥ መካከሉ ስስ ጠርዙ ወፍራም የሆነው፥ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1462 የሚላኑ መስፍን ፍራንቼስኮ ስፎርዛ ከፍሎረንስ ሦስት ደርዘን መነጽር እንዲገዛለት ደብዳቤ ሲጽፍ፥ አንዱ ደርዘን ሩቅ ለማያዩ ወጣቶች እንዲሆን አዝዟል። ደብዳቤውም እስከ ዛሬ አለ። ሠዓሊው ራፋኤልም እ.ኤ.አ. በ1518 ገደማ ጳጳሱን ሊዮ 10ኛን ሲስላቸው እንዲህ ያለ መስተዋት በእጃቸው አስይዟቸዋል።

የሚገርመው፥ መስተዋቱ ለምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ተጠቅሞበታል። ምክንያቱን በትክክል ያስረዳው ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው የከዋክብት ተመራማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1604። እርሱም ራሱ ዐይኑ ደካማ ነበር። መነጽሩን ጆሮ ላይ የሚይዘው ክንፍ ደግሞ የመጣው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ሰው በእጁ ይይዘዋል ወይም አፍንጫው ላይ ይቆነጥጠዋል። እንግዲህ የእኛ መነጽር እንዲህ ቀላል መስሎ ለመድረስ አምስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል ማለት ነው።

መነጽር ዐይንን አይነካም፤ ትልቁ ደግነቱ ይህ ነው። ጉዳቱንም አንሸሽግም። ዝናብ ይጋርደዋል፤ የወጥ ቤት እንፋሎት ያጨልመዋል፤ ከተሰበረ ቀኑ ይበላሻል። በሰፈራችንም «መነጽር ዐይን ያደክማል» እየተባለ ስንቱ ልጅ ሳያደርግ ቀርቷል። ሐኪሞቹ ይህ ሐሰት መሆኑን አረጋግጠውልናል። ልጅን ያለ መነጽር ማቆየት ዐይኑን አያጠነክረውም፤ ከትምህርት ያስቀረዋል እንጂ። ይህን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ሁለተኛው ዘዴ ዐይን ላይ የሚለጠፈው ኮንታክት ሌንስ ነው። አዶልፍ ፊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በስዊዘርላንድ ዙሪክ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ከመስተዋት የተሠራ ሌንስ በሰው ዐይን ላይ ሞከረ። ከጥቂት ሰዓት በላይ የሚቻል አልነበረም። ለስላሳውን ሌንስ ያመጣው ኦቶ ቪክተርሌ የተባለ የቼክ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የገና ሰሞን ቤቱ ተቀምጦ፥ ከልጆች መጫወቻ ብረታ ብረትና ከብስክሌት ዲናሞ በሠራት ማሽን የመጀመሪያዎቹን ሌንሶች አወጣ። አሜሪካ እንዲሸጥ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ይህ ዘዴ ፊት ላይ አይታይም፤ ለሯጭና ለኳስ ተጫዋችም ይመቻል። ሆኖም ንጽሕና ይጠይቃል። በቧንቧ ውሃ ያጠበው፥ አድርጎት የተኛ፥ ቀኑ ካለፈ በኋላ ያላወለቀው ሰው ዐይኑ ሊቆስልና ብርሃኑ ሊጠፋ ይችላል። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ዘዴ ቢላዋ ነው። ኮርኒያ ማለት በዐይናችን ፊት ያለው እንደ ሰዓት መስተዋት የጠራው ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ መካከሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ሽፋን ጠፍጠፍ ቢል ብርሃኑ ወደ ኋላ ይሄድልናል ተብሎ ታሰበ። በጃፓን አገር ሳቶ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሽፋኑን ከፊትም ከኋላም በኩል እየቀደደ ብዙ ሰው አከመ። በመጀመሪያ ሁሉም ደስ አላቸው። በሽፋኑ የኋላ ገጽ ላይ ያሉት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው እንደማይተኩ ግን በዚያን ጊዜ አልታወቀም ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ የብዙዎቹ ዐይን እያበጠና እየደፈረሰ ሄደ። ቂሙም ተንኮሉም የለበትም፤ ዕውቀቱ ከእጁ ዘግይቶ መድረሱ ነው።

በሶቪየት ኅብረት ደግሞ ስቪያቶስላቭ ፊዮዶሮቭ የተባለው ዕውቅ ሐኪም ዘዴውን አሻሻለው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ። ከፊት በኩል ብቻ፥ መካከሉን ሳይነካ፥ እንደ ብስክሌት ራግ ዙሪያውን በአልማዝ ቢላዋ ይሰነጥቀዋል። በ1980ዎቹ በሞስኮ ሕመምተኞች በሚንቀሳቀሱ አልጋዎች ተኝተው፥ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው እንደ ፋብሪካ ዕቃ እያለፉ ይቀደዱ ነበር። ዘዴው ወደ አሜሪካም ተሻገረ። አሜሪካኖች የታከሙትን ሰዎች ዐሥር ዓመት ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1994 አወጡ። ብዙዎቹ ያለ መነጽር ሩቅ ያዩ ነበር፤ ከመቶ ዐይኖች 43ቱ ግን ኮርኒያቸው መጥፈጥፉን ባለማቆሙ ወደ ተቃራኒው ጎን፥ ቅርብ ወደማያይ ዐይን፥ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 እንዲህ የታከመ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ኤቨረስት ተራራ ላይ ሲወጣ፥ ከፍታው የተሰነጠቀ ዐይኑን ለውጦት ማየት ተስኖታል።

እዚህ ላይ የራሳችን ሰው ይመጣል። የቀድሞው ገንዘብ ያዣችን በሶቪየት ኅብረት ተምሮ የመጣ ነው። በ1979 ዓ.ም. እዚያው ሳለ ዐይኑን በዚህ ቢላዋ ታክሟል። ሲመለስ ወፍራም መነጽሩ የለም። እኛም በጣም ቀናን፤ እውነቱን ነው የምንጽፈው። ሃያ ዓመት ያህል በደኅና ኖረ። ከዚያ በኋላ ጧት የሚያየውና ማታ የሚያየው አንድ መሆኑ ቀረ። እንዲህ የተሰነጠቀ ኮርኒያ ሌሊት እያበጠ ጧት ይበልጥ ይጠፈጠፋል፤ ቀን እየዋለ ይመለሳል። ስለዚህ ጧት ቅርቡ ይጠፋበታል፤ ከሰዓት በኋላ ይሻለዋል። የትኛው የመነጽር ቁጥር ይሰጠው? ማታ ደግሞ የመኪና መብራት እንደ ኮከብ ጨረር እየተበተነ መንገዱን ያጠፋበታል። እርሱ ግን «ተድኛለሁ» ብሎ ያወራ ሰው ስለሆነ «አላይም» ለማለት አፈረ። ታሪኩን በኋላ እንጨርሰዋለን።

አራተኛው ሌዘር ነው። እናትየዋ «እሳት» ያለችው እርሱን ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ኤክሳይመር የተባለው ይህ ሌዘር አያቃጥልም። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከበዓል የተረፈ የቱርክ ዶሮ ሥጋ ላይ ሞከሩት፤ በዙሪያው ያለውን ሳያሳርር በጣም ስስ ልጣጭ እያነሣ እንደሚቀርጽ አዩ። ትሮክል የተባለ የዐይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 ይህ ለኮርኒያ እንደሚሆን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1988 ማርጌሪት ማክዶናልድ የተባለች ሐኪም በሚያይ የሰው ዐይን ላይ ሠራችው።

በሌላ በኩል በኮሎምቢያ አገር ሆሴ ባራኬር የተባለ ሐኪም ቀደም ብሎ የኮርኒያን ሽፋን ገፍፎ፥ አቀዝቅዞ፥ በማሽን ቀርጾ መልሶ የመስፋት ዘዴ አሳይቶ ነበር። የግሪኩ ሐኪም ፓሊካሪስ እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ሁለቱን አጋባቸው። ሽፋኑን እንደ ክዳን ከፍቶ፥ ከሥሩ በሌዘር ቀርጾ፥ ክዳኑን መልሶ መክደን ጀመረ። ዛሬ ላሲክ የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያም ወዲህ ክዳን የማይከፍት ዘዴ፥ እንዲሁም ቁጥራቸው በጣም ከፍ ላለ ሰዎች ዐይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ መጥቷል።

ታዲያ ሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዴት ይኖራል? ሐኪሞች ለብዙ ጊዜ የሚለኩት ሰሌዳ ላይ ያለውን ፊደል ማንበቡን ብቻ ነበር። ሕመምተኛውን ራሱን «ኑሮህ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ የተለመደው ዘግይቶ ነው። በእንግሊዝ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት 104 መነጽር አድራጊዎችን፥ 87 ኮንታክት ሌንስ አድራጊዎችንና 113 የታከሙ ሰዎችን 20 ጥያቄ ጠየቀ። በአማካይ የተሻለ ኑሮ የመሰከሩት የታከሙት ናቸው፤ ቀጥሎ ኮንታክት ሌንሶቹ፤ መጨረሻ እኛ ባለ መነጽሮቹ። እውነት ነውና አንደብቀውም። ነገር ግን ከ113ቱ መካከል ጥቂቶቹ ሕክምናው ስላልተሳካላቸው ከሁሉ ያነሰ ኑሮ ላይ ወደቁ። መነጽር እንዲህ ያለ ክፉ ዕጣ የለውም።

በአሜሪካም ስለ ላሲክ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። አብዛኞቹ በውጤቱ ደስተኞች ናቸው። ኑሯቸው በጣም የተቸገረባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም። ሆኖም አስቀድሞ ምንም የማያስቸግራቸው ከነበሩት ሰዎች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት፥ በሦስተኛው ወር በመብራት ዙሪያ ቀለበት ወይም ጨረር ወይም ጥላ ያያሉ። ዐይናቸው ደርቆ የማያውቅ ከነበሩትም ከመቶ 28 ያህሉ የዐይን መድረቅ ጀምሯቸዋል፤ የኮርኒያ ነርቮች ስለሚቆረጡ ነው።

አሁን በልባችሁ ያዙልን ወዳልነው እንመለስ። የታከመ ዐይን ኳሱ እንደ ረዘመ ነው። ስለዚህ ሬቲና የመላቀቅ አደጋው እንዳለ ይቀራል። ብልጭታ ወይም እንደ ዝንብ የሚያንዣብብ ጥቁር ነገር በድንገት የበዛበት ሰው፥ ታከመም አልታከመም፥ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሁለተኛ፥ ሌዘር እርጅናን አያስቀርም። ሰው አርባውን ሲያልፍ ቅርቡ ይደበዝዛል። እኛ በዚህ ዕድሜያችን መነጽራችንን አውልቀን መርፌ እንከታለን፤ ይህ የደካማ ዐይናችን ስጦታ ነው። ሩቁን በሌዘር ያስተካከለ ሰው ግን በእኛ ዕድሜ የማንበቢያ መነጽር ይገዛል።

ለልጃችን የምንሰጠው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። እሳት አይደለምና እናቷ አታልቅስ። መነጽርም ነውር አይደለምና ስለ ሰው አፍ ብላ አታድርገው። ቁጥሯ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይለወጥ መቆየቱን ታረጋግጥ። ኮርኒያዋ ስስ ወይም ወደ ፊት የሾጠጠ አለመሆኑን፥ ዐይኗም ደረቅ አለመሆኑን ታስለካ። ሐኪሙ «አንቺ አትሆኚም» ካላት ሌላ እሺ የሚላት ሐኪም አትፈልግ። ሆና ከተገኘች ግን አዋቂ ናት፤ ዐይኑም እቁቡም የእርሷ ነው። ከታከመችም በኋላ አንድ ነገር ካስቸገራት እንዳትደብቅ አደራ እንላለን። ይህን አደራ የምንሰጠው በምክንያት ነው።

በ2002 ዓ.ም. የእድራችን ሒሳብ ሲመረመር በገንዘብ ያዣችን እጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ 450 ብር ጎደለ። ጸሐፊው እኛ ነበርን። እሑድ ጧት በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ተነሥተን «ገንዘቡ የት ገባ?» ብለን የጠየቅነው እኛ ነን። እርሱ አንድ ቃል አልመለሰም። በሳምንቱ ከኪሱ አምጥቶ ሞላ፤ ቁልፉንም አስረክቦ ወረደ። ሰው ሁሉ ያሰበውን አሰበ።

ከአራት ወር በኋላ የደረሰኞቹን ቀሪ ስናመሳክር ዘጠኝ የድንኳን ኪራይ ደረሰኞች አገኘን። ሁሉም 30 ብር ናቸው። መዝገቡ ላይ ግን 80 ተብለው ገብተዋል። ዘጠኝ ጊዜ 50 ብር፥ 450 ብር። ሦስቱን ስምንት ብሎ አንብቦታል። ስብሰባችንም ሒሳባችንም ሁልጊዜ እሑድ ጧት ነበር። ቤቱ ሄደን ስንጠይቀው ያን ጊዜ ስለ ዐይኑ ነገረን።

ገንዘቡን ኮሚቴው መለሰለት። ነገር ግን የተመለሰለት በኮሚቴ ክፍል ውስጥ፥ በአምስት ሰው ፊት ነው። የተጠረጠረው ደግሞ በጉባኤ ፊት ነበር። እርሱ «ይቅር፥ ነገሩ ይረሳ» ስላለን እኛም ደስ ብሎን ተውነው። ስሕተታችንን መናገር እንደ እርሱ ዐይን አሳፍሮን ነበርና። ዛሬ ይህን ለመጻፍ ፈቃዱን ጠይቀን፥ ስሙ እንዳይነሣ ብቻ ለምኖናል። የዚያን ዘመን አባል ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃል። ከእድሩ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልነካም። ይህ ቃል በዚህ መጽሔት ላይ ታትሞ ይቀመጥልን።

ከዚያ ወዲህ የእድራችን ሒሳብ በሁለት ሰው ይነበባል፤ አንዱ ጮክ ብሎ፥ ሌላው እየተከታተለ። እኛም መነጽራችንን አውልቀን እንመለከተዋለን።